መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የስልክ ባትሪን እንዴት ለዓመታት ማቆየት ይቻላል

ጎንደር ላይ ስልክ የሚሞላው በስጋት ነው። መብራት ሊሄድ ይችላል፣ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም፤ ስለዚህ ሶኬት የተገኘበት ቦታ ሁሉ ስልኩ ይሰካል፣ 100 ገብቶም ሳይነቀል ያድራል። በዚህ ላይ ከሰው ሰው የሚተላለፈው ምክር ይጨመርበታል፦ አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ሙሉ ይሰካ፣ ባትሪው አልቆ ስልኩ ሳይጠፋ አትሙሉት፣ በሳምንት አንዴ 0 አስገቡት። ይህ ምክር የመጣው ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ነው። ለእነርሱ ትክክል ነበር፤ ለዛሬው ስልክ ግን ጉዳት ነው።

የሚሻለው አካሄድ ይህ ነው፦ የመብራቱን ስጋት ፓወር ባንኩ ይሸከመው። ስልኩ ከሙቀት ርቆ አብዛኛውን ጊዜ በ20 እና በ80 ፐርሰንት መካከል ይዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን በተግባር እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ባትሪው ለምን ያረጃል?

አሁን በእጃችን ያሉት ስልኮች በሊትየም አዮን ባትሪ ነው የሚሠሩት። ሊትየም ፖሊመር ተብሎ የሚሸጠውም የዚሁ ዘር ነው። ስትሞሉት ሊትየሙ ተጉዞ በባትሪው አንድ ወገን ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ንጣፍ ውስጥ ይገባል፤ ስትጠቀሙ ተመልሶ ይወጣል። ግራፋይቱ ላይ ገና ከፋብሪካ ጀምሮ ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ከጊዜ ወደ ጊዜ ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥርም ከሊትየሙ የተወሰነውን ይዞ ያስቀራል። የተያዘ ሊትየም ከእንግዲህ አይሠራም፤ ድሮ እስከ ማታ የሚያደርስ ስልክ 9 ሰዓት ላይ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ማርጀቱን ማስቀረት አይቻልም። ፍጥነቱን ግን መቀነስ ይቻላል፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት ደግሞ በዋናነት ሙቀት፣ ሙሉ ሆኖ መቆየትና እስከ ታች መውረድ ናቸው።

ሙቀትና ሙሉነት ሲገናኙ የሚሆነውን በቁጥር ማየት ይረዳል። በላቦራቶሪ ልኬት የታወቀው እንዲህ ነው፦ 40 ፐርሰንት ሞልቶ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከነበረው አቅም 96 ፐርሰንቱን ይዞ ይገኛል። በዚያው ሙቀት 100 ሆኖ የተቀመጠው 80 ፐርሰንት ገደማ ይቀረዋል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን 40 ፐርሰንት የተሞላው ወደ 85፣ ሙሉው ወደ 65 ይወርዳል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ባትሪዎች ምንም ሥራ አልሠሩም፤ ተቀምጠው ብቻ ነው ያረጁት።

እዚህ ላይ ጎንደር የታደለች ናት። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቤት ውስጥ ያለው አየር አብዛኛውን ዓመት ለባትሪ የተመቸ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ ጥላ ውስጥ ያለ ስልክ አይቸገርም። ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ለሥራ የሚወርድ ሰው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው የሚገባው፤ እዚያ ስልክን 100 አድርጎ ማሳደር ከጎንደሩ ይልቅ በእጅጉ ይጎዳል። ቆላ ላይ ስልኩን 80 ላይ ማቆምና ቻርጁን ወደ ሌሊቱ መጨረሻ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ መሰካት ያዋጣል።

ስለ ዑደትም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አንድ ዑደት የሚቆጠረው ስልኩ በተሰካ ቁጥር አይደለም። ዛሬ ግማሹን ተጠቅማችሁ ሞላችሁ፣ ነገም ግማሹን፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዑደት ናቸው። ስለዚህ «ደጋግሜ ከሰካሁት ይበላሻል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። እንዲያውም ከ30 ወደ 70 ደጋግሞ መሙላት ከ0 ወደ 100 አንዴ ከመሙላት ይሻላል። አፕል እስከ አይፎን 14 ላሉት ስልኮች ከ500 ሙሉ ዑደት በኋላ 80 ፐርሰንት አቅም እንዲቀር አድርጌ ነው የሠራሁት ይላል፤ ለአይፎን 15 ቁጥሩ 1,000 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያው ላይ የሚወጣ ስልክ 800 ዑደት ቆይቶ ቢያንስ 80 ፐርሰንት እንዲይዝ ያስገድዳል።

የዕለት አሞላል

መጀመሪያ ስልካችሁ ገደብ ማበጀት ይችል እንደሆነ እዩ። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ባተሪ»፣ ከዚያ «ባተሪ ፕሮቴክሽን» የሚለውን ስትከፍቱ «ማክሲመም» የሚል ምርጫ አለ፤ 80 ላይ ያቆምላችኋል። «ቤዚክ» የሚለው 100 ድረስ ይሞላና 95 እስኪወርድ ድረስ እንደገና አይሞላም፤ ከምንም ይሻላል። ቆየት ባሉት ሳምሰንጎች «ፕሮቴክት ባተሪ» ይባላል፣ የሚያቆመውም 85 ላይ ነው። አይፎን 15 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ባትሪ ሴቲንጋቸው ውስጥ የ80 ገደብ አላቸው። በአንዳንድ የኢንፊኒክስና የቴክኖ ስልኮች ደግሞ «ባይፓስ ቻርጂንግ» አለ፦ ስልኩ እንደተሰካ ጌም ስትጫወቱ ወይም ረጅም ቪዲዮ ስታዩ ኃይሉ ባትሪውን ሳይነካ በቀጥታ ለስልኩ ይደርሳል። ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው።

የመኝታ ሰዓታችሁን አጥንቶ ሌሊት 80 ላይ የሚያቆይና ወደ ንጋት የሚጨርስ አሠራርም አለ። መብራት የማይጠፋበት አገር ላይ ግሩም ነው። እዚህ ግን 10 ሰዓት ሌሊት ላይ መብራት ከሄደ ስልኩ 80 ላይ ይቀራል። 80 ለአንድ ቀን ከበቃችሁ ምንም ችግር የለውም።

ገደብ የሌለው ስልክ ያለው ሰው በሰዓት ይሥራ። አንድ ጊዜ ለክታችሁ ካወቃችሁ ከዚያ በኋላ አትቸገሩም፦

1. ስልኩ 30 አካባቢ ሲሆን ሁልጊዜ በምትጠቀሙበት ቻርጀርና ገመድ ሰኩት፣ ፐርሰንቱን ጻፉ።
2. ሳትነኩት ልክ በግማሽ ሰዓቱ እንደገና እዩ። 48 ከደረሰ በሰዓት 36 ፐርሰንት ይሞላል ማለት ነው።
3. ከ30 እስከ 80 ያለው 50 ፐርሰንት ነው፤ 50 ለ36 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ። ስልኩ ላይ ለዚያ ደቂቃ አላርም ሙሉ።
4. ቻርጀር ወይም ገመድ ከቀየራችሁ ልኬቱን ድገሙ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት ስትገቡ ሰክታችሁ ከራት በኋላ መንቀል ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጠዋት የጎደለ ነገር ካለ ቁርስ እስኪቀርብ 20 ደቂቃ ሰክቶ ማሟላት ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ ሞተር ሰዓት ቆጣሪ አግኝታችሁ ለመጠቀም ካሰባችሁ አንድ ችግር አለበት፤ መብራት ሲሄድ እርሱም ይቆማል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ሰዓት መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷልና አስተካክሉት።

100 መሙላት ኃጢአት አይደለም። የሚጎዳው ሞልቶ መቆየቱ ነው። የከተራ ዕለት ታቦቱን አጅባችሁ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የምትወርዱ ከሆነ፣ ማደሪያችሁም እዚያው ከሆነ፣ 100 ሞልታችሁ ውጡ፤ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ስትቀርጹ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ረጅም መንገድ ለሚሄድም እንዲሁ ነው። ሞልቶ ወዲያው ሥራ የሚጀምር ስልክ አይጎዳም፤ ሞልቶ ከትራስ ሥር የሚያድረው ነው የሚጎዳው። ሌሊቱን ሙሉ የተሰካ ስልክ «ይፈነዳል» የሚባለውም በጤነኛ ስልክና ቻርጀር ላይ እውነት አይደለም። የስልኩ መቆጣጠሪያ ሲሞላ ያቆመዋል። ነገር ግን ትንሽ በወረደ ቁጥር እየቆነጠረ ስለሚመልሰው ሌሊቱን በሙሉ ከፍተኛው ቮልቴጅ ላይ ያድራል።

ታችኛው ጫፍ ላይ ደግሞ 20 ሲደርስ ሰኩት። ከዚያ በታች አልፎ አልፎ ቢወርድ አትጨነቁ፤ 0 ገብቶ ለሳምንታት መቀመጥ ግን ባትሪ ይገድላል። ወደ ገጠር ላለ ዘመድ የሚላክ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ስልክ 50 ፐርሰንት ተሞልቶ ተዘግቶ ይቀመጥ፤ በየ3 ወሩ ገደማ እየታየ 50 ይደረግ። ለወራት ባዶውን ቆይቶ አልነሳ ያለን ባትሪ በሌላ ባትሪ ወይም በፓወር ሰፕላይ «እናስነሳው» የሚል ባለሙያ ያጋጥማችኋል። አትፍቀዱለት። ባትሪው ቮልቴጁ ከልክ በታች ሲወርድ ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ በኃይል ሲሞላ ያ መዳብ ሌላ ቦታ ይለጠፍና ውስጥ ለውስጥ ያገናኛል። ይህ ለእሳት የሚያበቃ ነገር ነው።

ሙቀት፦ ከሁሉ በላይ የምትቆጣጠሩት ነገር

ስልክ ሲሞላ ይሞቃል። ሌላ ሙቀት አትጨምሩበት። ወፍራም የጎማ ከቨር ካለው ፍጥነት ባለው ቻርጀር ስትሞሉ አውልቁት። አልጋ፣ ብርድ ልብስና ሶፋ ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፤ ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ አድርጉት። እየተሞላ ሆትስፖት ከፍቶ መተው ወይም ጌም መጫወት ሁለት ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ማብራት ነው።

የባጃጅ አሽከርካሪዎች ስልክ በተለይ ይጎዳል። መስታወቱ ሥር ፀሐይ እየመታው፣ ካርታ ተከፍቶበት፣ ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን እየበራ፣ በዚያ ላይ ከባጃጁ ባትሪ እየተሞላ ከፒያሳ አዘዞ ይመላለሳል። መያዣውን ፀሐይ ከማያገኘው ጎን ማዞር፣ ስክሪኑን ዝቅ ማድረግ፣ ቻርጁን ደግሞ ጥላ ላይ ስትቆሙ ብቻ ማድረግ የስልኩን ዕድሜ በግልጽ ያራዝመዋል። ስልኩ «በጣም ሞቋል» ብሎ ቻርጅ ካቆመ አድምጡት፤ ጥላ ውስጥ አሳርፉት። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት፣ ውስጡ ውሃ ያረግዛል።

በሶላር የሚሞላ ሰው የሚሠራው የተለመደ ስሕተት ደግሞ ስልኩን ፓነሉ አጠገብ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፓነሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ስልኩ ጥላ። ገመዱ ካልደረሰ ፓነሉ ራሱ በሚጥለው ጥላ ሥር አስቀምጡት።

ብርድም የራሱ ሕግ አለው። ስሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃበርም ሆነ ጨነቅ የሚያድር አስጎብኚ ሌሊቱ እስከ በረዶ ሊደርስ እንደሚችል ያውቃል። በብርድ ስልክ መጠቀም ጊዜያዊ ድካም ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ከ0 ዲግሪ በታች መሙላት ግን ሊትየሙ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ እንዲጋገር ያደርጋል፣ ይህም አይመለስም። ስልኩን ከነፓወር ባንኩ መኝታ ከረጢት ውስጥ ይዛችሁ እደሩ፤ ጠዋት ሰውነታችሁ ካሞቀው በኋላ ሰኩት።

ቻርጀር፣ ገመድና የመብራቱ ጠባይ

ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። «ኢንፑት» የሚለው ከ100 እስከ 240 ቮልት መሆን አለበት። ይህ ስፋት የሚያስፈልገው የእኛ መብራት 220 ላይ ተረጋግቶ ስለማይቆም ነው። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በዚያው መስመር ሲለኮስ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲጠፋ ይዘላል። ምጣዱ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ቻርጀር አትሰኩ። «አውትፑት» የሚለው 5 ቮልት 2 አምፔር ከሆነ አባዙት፤ 10 ዋት ነው። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለውን ስልክ 10 ዋቱ ከባዶ እስከ ሙሉ ወደ 3 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከ80 በኋላ ስልኩ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት ትጓተታለች። ጊዜ ካላችሁ 10 ዋቱ ይበቃል፣ ስልኩም አይሞቅም። ፈጣኑን ቻርጀር ለምትቸኩሉበት ሰዓት አስቀምጡት።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ 5 ወይም 10 ደቂቃ ታገሡ፤ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ መስመሩ የሚረብሸው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። በዚህ የሚጎዳው መጀመሪያ ቻርጀሩ ነው፤ የተጎዳ ቻርጀር ደግሞ የስልኩን የቻርጅ አይሲ፣ ማለትም ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ቺፕ፣ ይዞ ይሄዳል። ስልኩ እንደተሰካ ስክሪኑ ሳትነኩት የሚከፋፍት፣ የነካችሁትን ትቶ ሌላ የሚመታ ከሆነ ቻርጀሩ የሚያወጣው ኃይል ንጹሕ አይደለም። በጣት ይዛችሁ መቆየት እስኪያቅታችሁ የሚግል ቻርጀርም እንዲሁ ይጣል።

ገመድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የቀጠነ ገመድ 0.3 ኦም ቢኖረው 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.6 ቮልት ይበላል፤ ከ5ቱ ቮልት ለስልኩ የሚደርሰው 4.4 ብቻ ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ የሚስበውን ይቀንሳል። «ባትሪዬ አልሞላ አለ» ተብሎ ባትሪ ከመቀየሩ በፊት በሌላ አጭርና ወፍራም ገመድ ይሞከር።

የበጋው አቧራም አለ። ከኪስ ጥጥ ጋር ተደባልቆ የስልኩ ቀዳዳ ሥር ይጠቀጠቃል፤ ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ትንሽ ሲነካ ይቋረጣል። ስልኩን ዝጉ፣ የእንጨት ስቴኪኒ አቅጥኑና ከጎን በኩል ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ጥረጉ። መርፌና ወስፌ አይገቡም፤ በመሐል ያለችውን ምላስ ይሰብራሉ።

ፓወር ባንክ

ለአንድ ሰው 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በቂ ነው። ይህ ቁጥር የተለካው በ3.7 ቮልት ስለሆነ ኃይሉ 37 ዋት ሰዓት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነውን ስታነሱለት 5,000 ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ሙሉ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በግማሽ ያህል ይሞላል። መብራት ባለ ሰዓት የምትሞሉትና ሞልቶ እንዲቆይ የምትተዉት እርሱን ነው። ቢያረጅም ስልክ ሳይከፈት በሌላ ይተካል።

ስትገዙ ክብደቱን በእጃችሁ ገምቱ። ውስጡ ያሉት ክብ ሴሎች እያንዳንዳቸው 46 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፣ ጥሩ የሚባሉትም ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት በላይ አይይዙም። ላዩ ላይ 50,000 የተጻፈበት እውነት ቢሆን ኖሮ ሴሎቹ ብቻ ከ600 ግራም በላይ በሆኑ ነበር። 250 ግራም የማይሞላ «50,000» ውሸት ነው።

ባትሪው ሲደክም

አቅሙን ለማወቅ አይፎን ላይ ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ «ባተሪ ኸልዝ» አለ። ሳምሰንግ ላይ «ሳምሰንግ ሜምበርስ» በሚለው አፕ ይመረመራል። ለሌሎቹ «አኩባተሪ» የሚባለው አፕ ለተወሰኑ ቀናት ስትሞሉ ተከታትሎ ግምቱን ይነግራችኋል። ከ80 በታች ከወረደ፣ ወይም ስልኩ 25 ላይ እያለ ድንገት ከዘጋ፣ መቀየሪያው ደርሷል።

ከሁሉ የሚከፋው እብጠት ነው። የስልኩ ጀርባ ከፍ ይላል ወይም ስክሪኑ በአንድ ጠርዝ ይለቃል፤ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ስትገፉት እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ውስጡ ጋዝ ተጠራቅሟል። አትሙሉት፣ ዝጉት፣ ተጭናችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፣ አትብሱት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ በዚያው ቀን ወደ ጥገና ውሰዱት። የወጣው ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፣ እሳት ውስጥም አይግባ።

ፒያሳ ወይም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ስታስቀይሩ የአዲሱን ባትሪ ኮድ ከአሮጌው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የሚሞላበት ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 4.4 ወይም 4.45 የሚለውም አንድ መሆን አለበት። በዚያው መጠን አቅሙ ብዙ እጥፍ ነኝ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተዉት። ስልኩን ከመውሰዳችሁ በፊት ከ25 ፐርሰንት በታች አውርዱት፤ ባለሙያው ማጣበቂያውን ሲያላቅቅ በስሕተት ቢወጋው የሚወጣው እሳት አነስተኛ ይሆናል። በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ እንዲያነሣውም ጠይቁ።

አዲሱ ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ 100 ሙሉት፣ እስከ 10 አካባቢ ተጠቀሙበት፣ እንደገና ሙሉት። ይህ ለባትሪው ጤና ሳይሆን ስልኩ የአዲሱን አቅም ለክቶ ፐርሰንቱን በትክክል እንዲያሳይ ነው። ከዚያ የ80 ገደቡን መልሳችሁ አብሩት።